ጎበዙን ማን ይጠቁም?

ባለፈው ኅዳር ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚጮህ ስልክ ወይ መርዶ ነው ወይ አሜሪካ ነው። ደግነቱ አሜሪካ ሆነ። ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ከልጁ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣልኝ። ስጦታ እንስጠው የሚሉ መሰለኝ። እኛ ደግሞ ሠርተን ነው የምናድረው፤ የማንንም እጅ አይተን አናውቅም። በጨዋ ደንብ ‹አንፈልግም› የሚባለው እንዴት ነው?» አለችኝ።

ደብዳቤውን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። አነበብኩት። የስጦታ ወሬ የለበትም። ትምህርት ቤቱ «ጊፍትድ» የሚላቸውን፣ እኛ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው የምንላቸውን ልጆች ሊለይ ነው፤ ወላጆችም አብሮ የተላከውን መጠይቅ ሞልተው እንዲመልሱ ነው የሚለው። እሷ «ጊፍት» የሚለውን አይታ ለችግረኛ ልጆች የሚታደል የገና ስጦታ መስሏታል። አልፈረድኩባትም። እኛስ «ተሰጥኦ» ስንል «መስጠት» የሚለው ጆሯችን ላይ ያቃጭል የለ?

«መጠይቁንስ ሞላሽው?» አልኳት።

«እሱንማ ሞላሁት። የሚያሳፍር ነገር አልጻፍኩበትም።»

ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ልጅዎ ጥያቄ ያበዛል? «የለም።» ከትልልቅ ሰዎች ጋር ይከራከራል? «በፍጹም።» ትእዛዝ ሲሰጠው ምክንያቱን ይጠይቃል? «አይጠይቅም።» የጀመረውን ነገር ካልጨረስኩ ብሎ ያስቸግራል? «አያስቸግርም።» እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው።

ልጁን አውቀዋለሁ። ስምንት ዓመቱ ነው። ለእረፍት አዲስ አበባ መጥተው እኔ ቤት ምሳ ስንበላ፣ «እናንተ ጠዋት አንድ ሰዓት ትላላችሁ፤ የእማዬ ስልክ ሰባት ይላል። ቀኑ የሚቀየረው በማን ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የመሰለኝን መለስኩ። አልረካም። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ድረስ ሲያፋጥጠኝ ዋለ። እናቱ ከጠረጴዛው ሥር ስትቆነጥጠው በዓይኔ አይቻለሁ።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ‹የለም› ምንድን ነው?» ስላት ደነገጠች። «ጋሼ ደግሞ! ልጄ ባለጌ ነው ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ ልፈርም?»

ልብ በሉ፤ ዋሸሁ ብላ አይደለም። እሷ ቤት ሲደርስ መጠይቁ ስለ አስተዳደጓ የሚጠይቅ ወረቀት ሆኗል። እኛ አገር የተመሰገነ ልጅ ማለት እንግዳ ሲመጣ ጉልበት ስሞ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። በዚያ ላይ የልጅን ብልህነት በሰው ፊት ማውራት ለዓይን ያጋልጣል። እናቶቻችን ልጃቸው አንደኛ ወጥቶ ሲመጣ እንኳ «ኧረ እሱ ምኑን ያውቀዋል» የሚሉት ጠልተውን አልነበረም። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ባሕር ተሻገረና አንድ ቅጽ ላይ «የለም፣ የለም፣ የለም» ሆኖ ተጻፈ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለመሆኑ ጎበዝ ልጅን ለመለየት መምህሩን መጠየቅ፣ እናቱን መጠየቅ፣ ፈተና ላይ ማስቀመጥ የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ታሪኩን ሳገላብጥ ከረምኩ። መቶ ዓመት ሙሉ ሰው የተከራከረው ስለ ፈተናው ነው። ብዙዎቹን ልጆች ያስቀራቸው ግን ፈተናው አልነበረም። መጀመሪያውኑ ፈተናው ዘንድ አልደረሱም።

ነገሩ የሚጀምረው ፓሪስ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ1904 የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስቴር አንድ ኮሚሽን አቋቋመ። ትምህርት ግዴታ ከሆነ ወዲህ የሁሉም ልጅ ክፍል ገብቷል፤ ከጓደኞቹ እኩል መራመድ ያቃተውን ልጅ ለይቶ የተለየ እገዛ መስጠት አስፈለገ። ግን ማን ይለየው? መምህሩ ይለይ ቢባል፣ የሚረብሸውን «ደደብ ነው» ብሎ ይገላገለዋል፤ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ደግሞ ምንም ሳይገባው ያሳልፈዋል። የኮሚሽኑ አባል የነበረው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ በ1905 ሠላሳ ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አወጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ የተለኮሰ ክብሪት በዓይን መከተል ነው። ቀጥሎ የዕቃ ስም መጥራት፣ ቁጥር ሰምቶ መድገም፣ ክብደት ማወዳደር እያለ እየከበደ ይሄዳል።

እንግዲህ ዛሬ ጎበዝ መለያ የሆነው ፈተና የተወለደው የሚደክመውን ልጅ ለመርዳት ነበር። ቢኔ ውጤቱን እንደ ቁመት ወይም እንደ ክብደት የማይለወጥ አድርጎ የሚያይ ሰው አልነበረም። በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ የልጅ አእምሮ በትምህርትና በልምምድ ይጎለብታል፤ ተፈጥሮው ነው ብሎ ተስፋ መቁረጥ ግን ጭካኔ ነው ሲል ተከራከረ። በ1911 ሞተ። ፈተናው ግን አትላንቲክን ተሻገረ።

እዚያ ማዶ የተቀበለው ሉዊስ ተርማን ይባላል። ኢንዲያና ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ በ1877 ተወለደ፤ ከ14 ልጆች 12ኛው ነው። ልጅ ሳለ አንድ መጽሐፍ አዟሪ እቤታቸው አደረ ይባላል። አዟሪው የራስ ቅልን እየዳሰሱ የሰውን ጠባይ እናውቃለን ከሚሉት ወገን ስለነበር የልጆቹን ጭንቅላት አንድ በአንድ ዳሰሰና ተርማን ጋ ሲደርስ ይህ ልጅ ትልቅ ቦታ ይደርሳል አለ። የራስ ቅል ዳሰሳ ከንቱ እምነት ነው። ልጁ ግን ተጠቆመ። ከ14 ልጆች መካከል አንድ ሰው አንዱን «ይኼኛው» አለው። ተርማን ሲያድግ ዕድሜውን ሙሉ «ይኼኛው» የሚባለውን ልጅ ሲፈልግ መኖሩ የአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

ተርማን በ1916 የቢኔን ፈተና ለአሜሪካ ልጆች አስተካክሎ «ስታንፎርድ-ቢኔ» ብሎ አወጣው። ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን ባመጣው ስሌት መሠረት የልጁን የአእምሮ ዕድሜ ለትክክለኛ ዕድሜው ያካፍልና በመቶ ያበዛዋል። የ8 ዓመት ልጅ የ10 ዓመት ልጅ የሚሠራውን ከሠራ 125 ያገኛል ማለት ነው። አይ ኪው የሚባለው ይኸው ነው። ቢኔ የፈራው ነገር ሆነ፤ ልጅ በአንድ ቁጥር መጠራት ጀመረ። ተርማን ደግሞ «ምርጥ ዘር ይብዛ፣ ደካማው ይቀንስ» በሚለው በዩጀኒክስ የሚያምን ሰው ነበር። በዚያው በ1916 መጽሐፉ የጥቁሮች፣ የሜክሲኮዎችና የቀይ ሕንዶች ልጆች ተለይተው በልዩ ክፍል ይቀመጡ እስከ ማለት ደርሷል።

በ1921 ተርማን ካሊፎርኒያ ውስጥ ትልቁን ሥራውን ጀመረ፤ ብሩህ የሆኑ ልጆችን ለቅሞ እስከ እርጅናቸው መከታተል። ሁሉንም ልጅ መፈተን ግን ገንዘብም ጊዜም አልነበረውም። ስለዚህ መምህራኑን ጠየቀ። በክፍላችሁ ማን ጎበዝ ነው? ቀጥሎስ ማን ነው? በዕድሜ ትንሹስ? የተጠቆሙት ተፈተኑ፤ ከተፈተኑት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 140 እና ከዚያ በላይ ያመጡት ተያዙ። በድምሩ 1,528 ልጆች ሆኑ። አብዛኞቹ የነጭ፣ ደህና ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ናቸው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ግን ራሱ ተርማን አገኘ። አንድ መንገድ ብቻ ምረጥ ብትባል፣ ጎበዙን ልጅ የምታገኘው መምህሩን ጠይቀህ ሳይሆን የክፍሉን መዝገብ ገልጠህ በዕድሜ ትንሹን በመያዝ ነው። ከትልልቆቹ ጋር እኩል የሚራመደው ትንሹ ልጅ በእርግጥ ብሩህ ነው። መምህሩ ግን ዕድሜውን ረስቶ ከትልልቆቹ ጋር ያወዳድረዋል፤ ሲያወዳድረው ደግሞ ተራ ተማሪ ይሆንበታል። እኔ አራተኛ ክፍል ስማር ጢሙን የሚላጭ ሰው አጠገቤ ይቀመጥ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። እሱ ክፍል አለቃ ነበር፤ ጎበዝም ይባል ነበር።

ከተርማን ወንፊት ያመለጡትንም እንይ። ዊልያም ሾክሊና ልዊስ አልቫሬዝ የሚባሉ ሁለት የካሊፎርኒያ ልጆች ተፈትነው ነጥባቸው አልበቃም ተባሉ። ሾክሊ ትራንዚስተርን ከፈለሰፉት አንዱ ሆኖ በ1956፣ አልቫሬዝ ደግሞ በ1968 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ከተመረጡት 1,528 ውስጥ ኖቤል ያገኘ አንድም የለም። በእርግጥ ብዙዎቹ ፕሮፌሰር፣ ጠበቃ፣ ሐኪም ሆነዋል፤ ግን ተርማን ለአንዳንዶቹ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር። መመረጥ ራሱ ስንቅ ነው። የሚገርመው ሾክሊ ነው። በእርጅናው ዘመን ይኸንኑ የአይ ኪው ቁጥር ይዞ ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ያንሳሉ እያለ ሲሰብክ ኖረ። እሱን ራሱን የጣለው ሚዛን ሌላውን ሲመዝንበት ትክክል ሆኖ ታየው!

ስለ ጠቋሚ ካነሳሁ አይቀር የራሴንም ልናገር። «ጠቋሚ» የሚለው ቃል ለእኔ ትውልድ ደስ አይልም፤ በደርግ ጊዜ ጠቋሚ ማለት ሰው የሚያስበላ ማለት ነበር። እኔ ግን አንድ ጊዜ ለበጎ ተጠቁሜያለሁ። በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ 5ኛ ክፍል ስማር ነው። ለአውራጃው የጥያቄና መልስ ውድድር ከክፍላችን ሁለት ተማሪ ተፈለገ። የክፍል ኃላፊያችን ብዙም አላሰበም፤ እኔንና የባለሱቁን ልጅ ጠቆመ። ሁለታችንም ፊት ወንበር ነን። ሁለታችንም እጃችንን ቶሎ እናወጣለን። ሁለታችንም ጫማ አለን።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ነበረች። ጠዋት ውኃ ቀድታ ስለምትመጣ ሁልጊዜ ታረፍዳለች፤ ስላረፈደችም ትንበረከካለች። ክፍልፋይ የሚባለው ሂሳብ የገባኝ ከእሷ ነው። በእረፍት ሰዓት መሬት ላይ በእንጨት ክብ ትሥልና እንጀራ እንደሚቆርስ ሰው እየከፋፈለች ታሳየኝ ነበር። የቤት ሥራዋን ስንት ጊዜ ገልብጫለሁ። መምህሩ እኔን ሲጠቁም «ከእኔ ይልቅ እሷ» ማለት ይገባኝ ነበር ወይ? የ11 ዓመት ልጅ እንዲህ አይልም። ደስ አለኝ፤ ሮጬ ለእናቴ ነገርኩ። ውድድሩ ላይ የክፍልፋይ ጥያቄ መጣና ተሳሳትኩ። ተመልሼ ስነግራት አልሳቀችብኝም። እንጨት አንስታ መሬት ላይ ሠርታ አሳየችኝ። 6ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሳትፈተን ቀረች። ተዳረች አሉ።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ከ70 ተማሪ በላይ ፊቱ ተቀምጦ፣ እጅ ያወጣውን አየ፤ ያላወጣውን አላየም። ጣት የሚጠቁመው ዓይን ያየውን ነው።

ወደ አሜሪካው ታሪክ ልመለስ። የጠቋሚ ዓይን ሌላ ቦታ ሲመለከት ምን እንደሚያገኝ በ1930ዎቹ አንድ ጥቁር ተመራማሪ አሳየ። ማርቲን ጄንኪንስ ይባላል፤ ኋላ የሞርጋን ስቴት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ቺካጎ ውስጥ ወደ ጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች ሄዶ ብሩህ ልጆችን ፈለገ። የተርማንን ሰዎች ፈተና ነው የተጠቀመው፤ አዲስ ሚዛን አልሠራም። በ1935 ከፖል ዊቲ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ «ቢ» ብሎ የጠራትን አንዲት የዘጠኝ ዓመት ጥቁር ልጅ አስተዋወቀ። በስታንፎርድ-ቢኔ ያመጣችው 200 ነው። ተርማን ልጆቹን ሲለቅም የፈለገው 140 እንደነበር አስታውሱ። በዚያው ሚዛን የተመዘነች ልጅ ናት፤ ልዩነቱ የሚፈልጋት ሰው መሄዱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የመንግሥት ጉዳይ ያደረገው ፍርሃት ነው። በ1957 ሶቪየቶች ስፑትኒክን ሲያመጥቁ አሜሪካ ደነገጠች። በ1958 ኮንግረሱ ባወጣው የትምህርት ሕግ ለሳይንስና ለሂሳብ ብቻ ሳይሆን ተማሪዎችን ፈትኖ ብሩሆቹን ለመለየትም ገንዘብ ተመደበ። በ1972 ደግሞ ሲድኒ ማርላንድ የሚባሉት የትምህርት ኮሚሽነር ለኮንግረሱ ባቀረቡት ሪፖርት ተሰጥኦ የአይ ኪው ቁጥር ብቻ አይደለም ተባለ፤ የፈጠራ ችሎታ፣ አመራር፣ ኪነ ጥበብም ተጨመሩ። በእነዚያው ዓመታት ጆሴፍ ሬንዙሊና ባልደረቦቹ መምህራን የልጁን ጠባይ እያዩ የሚሞሉትን ቅጽ አዘጋጁ። ለወላጅ የሚላከው መጠይቅም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በቁጥር የማይያዘውን ልጅ ለመያዝ። ግን ቅጽ የሞላውን ሰው ዓይን ይዞ ነው የሚመለሰው። የአክስቴ ልጅም ብዕሯን ይዛ ስትቀመጥ የራሷን አስተዳደግ፣ የእናቷን ቆንጥጫ ይዛ ነው የተቀመጠችው።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ደረስኩ። ፍሎሪዳ ውስጥ ብራዋርድ የሚባል ካውንቲ አለ፤ ከአሜሪካ ትልልቅ የትምህርት ወረዳዎች አንዱ ነው። እስከ 2005 ድረስ ልጅ ለጊፍትድ ፕሮግራም የሚፈተነው መምህሩ ወይም ወላጁ ሲጠቁመው ነበር። አቅም ያለው ወላጅ ደግሞ ለግል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከፍሎ ልጁን ያስፈትናል። ከወረዳው ተማሪዎች ከግማሽ በላይ ጥቁሮችና ስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ ያላቸው ሲሆኑ፣ ጊፍትድ ከተባሉት የሦስተኛ ክፍል ልጆች ውስጥ ግን 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሕጉ ቸር አልነበረም እንዳይባል፣ የፍሎሪዳ ደንብ ከሌሎች 130 ሲጠይቅ፣ ለድሃ ልጆችና እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩት 116 እንዲበቃ ከ1991 ጀምሮ ፈቅዷል። በሩ ዝቅ ተደርጎላቸው ነበር። በሩ ድረስ የሚያመጣቸው ግን አልነበረም።

በ2005 ወረዳው አንድ ነገር ለወጠ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ፣ ማንም ሳይጠቁማቸው፣ ቋንቋ የማይጠይቅ በቅርጾች ላይ የተመሠረተ አጭር ፈተና አስፈተነ። ጥሩ ያመጡት ወደ ሙሉው የአይ ኪው ፈተና ተላኩ። መስፈርቱ አልተነካም፤ 130 ው 130 ነው፣ 116 ቱም 116 ነው። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች የሆነውን መዘገቡ። ጊፍትድ የሚባሉት የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች መጠን በ180 በመቶ አደገ። የስፓኒሽ ተናጋሪ ቤተሰብ ልጆች በ130 በመቶ፣ የጥቁሮቹ በ80 በመቶ። እነዚህ ልጆች በዚያ ዓመት አልተወለዱም፣ በዚያ ዓመት ብልህ አልሆኑም። ድሮም እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ ግን በጀት ሲቀነስ ሁሉንም መፈተኑ ተቋረጠ፤ ክፍተቱም ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

የእነዚሁ ሰዎች ሌላ ጥናት የበለጠ አስገርሞኛል። በዚያው ወረዳ አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ደረጃ አንድ እንኳ ጊፍትድ ልጅ ካለው ለይቶ ክፍል መክፈት ነበረበት። አንድን ክፍል የሚሞላ ጊፍትድ ልጅ ስለማይገኝ የተረፈው ወንበር ባለፈው ዓመት ፈተና ጥሩ ላመጡ ሌሎች ልጆች ይሰጥ ነበር። ጊፍትድ የሚል ማዕረግ የላቸውም፤ አይ ኪዋቸውን የጠየቀም የለም። ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሙት እነሱ ሆኑ፤ በተለይ ጥቁሮቹና ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ በንባብና በሂሳብ ውጤታቸው ከፍ አለ። በትርፍ ወንበር የገቡት ማለት ነው!

መምህር ጥላቻ ስላለበት ነው የማይጠቁመው? ሁልጊዜ እንዲያ አይመስለኝም። ጄሰን ግሪሶምና ክሪስቶፈር ሬዲንግ በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ እኩል የፈተና ውጤት ካላቸው ልጆች ውስጥ ጥቁሮቹ ወደ ጊፍትድ ክፍል የመግባት ዕድላቸው ያነሰ ነው፤ መምህራቸው ጥቁር ሲሆን ግን ልዩነቱ በንባብ በኩል ይጠፋል። ሰው የሚያውቀውን ዓይነት ብልህነት ይለያል። የማያውቀው ዓይነት ሲመጣበት ወይ ድፍረት፣ ወይ ዝምታ፣ ወይ ማርፈድ ይመስለዋል።

«ታዲያ ፈተና ይብዛ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። ፈተናም ብቻውን አያድንም። ኒውዮርክ ከተማ ለዓመታት የአራት ዓመት ሕፃናትን ለጊፍትድ ክፍል ስትፈትን ነበር። ገንዘብ ያለው ለአራት ዓመት ልጁ አስጠኚ እየቀጠረ ለፈተናው አዘጋጀ፤ ፈተናው በ2021 ቀረ። የምለው ሌላ ነው። መለየት የግድ ከሆነ፣ ልጁ ተጠቁሞ እስኪመጣ አይጠበቅ፤ ሁሉም ይታይ። አንዴ ብቻ ሳይሆን ደግሞ ደጋግሞ ይታይ። የተሰጠውም ቁጥር እስከ መቃብር አይከተለው። ቢኔ የሞተው ይህን እየተናገረ ነው።

የእኛንም ቤት እንይ። በ1960ዎቹ ስድስት ኪሎ፣ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በዕደ ማርያም የሚባል ትምህርት ቤት ነበረ። ከየጠቅላይ ግዛቱ በትምህርታቸው የላቁ ተማሪዎች ተመርጠው የመጨረሻውን የሁለተኛ ደረጃ ዓመት እዚያ ይማሩ ነበር። የድሃ ልጅ ከሩቅ አገር መጥቶ ከመኳንንት ልጅ ጋር እኩል ወንበር ያገኘበት ቤት ነው፤ በዚያ ያለፉ ሰዎች ሲያወሩት አሁንም ዓይናቸው ያበራል። እኔም አከብረዋለሁ። ግን ለመመረጥ በመጀመሪያ እዚያ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጥቂት ከተሞች ብቻ በነበረበት አገር፣ ከብት ጥበቃ ላይ የቀረውን፣ ወፍጮ ቤት የተላከችውን ማን መረጣቸው? ምርጫው የተጀመረው ፈተናው ከመምጣቱ ከአሥር ዓመት በፊት፣ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ፣ «ከልጆቹ ማን ትምህርት ቤት ይሂድ?» በተባለ ማታ ነው።

በቅርብ ዓመታትም ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎችን የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በየክልሉ እየተከፈቱ ነው። ደስ ይላል። ልጆቹ ተለይተው ሲማሩ ውጤታቸው ሲያምር እናያለን፣ እናጨበጭባለን። እኔ ግን ጭብጨባው መሐል የምጠይቀው አለኝ። ያ ልጅ የመጣው ከየትኛው ወረዳ ነው? ከጎኑ የነበረችውስ? ማርፈዷን እንጂ ለምን እንደምታረፍድ የጠየቀ አለ?

የአክስቴን ልጅ ነገር ልጨርስ። በማግሥቱ ደወልኩላት። «ሌላ ቅጽ ጠይቂና ደግመሽ ሙዪው» አልኳት። «ልጁ የሚያደርገውን እንደሚያደርግ ጻፊ። እዚያ አገር ስድብ አይደለም።» ብዙ ተከራከረችኝ፤ ክርክሩን ከማን እንደወረሰው ያኔ ገባኝ። በመጨረሻ ትምህርት ቤት ሄዳ አዲስ ቅጽ አመጣች። ስትጨርስ ፎቶውን ላከችልኝ። ጥያቄ ያበዛል? «በጣም።» ምክንያት ይጠይቃል? «ሁልጊዜ።» ከትልልቅ ሰዎች ጋር ይከራከራል? በሚለው ላይ እጇ ትንሽ የተንቀጠቀጠ ይመስላል። እንዲህ ብላ ነው የሞላችው፤ «አዎ፤ ግን እየመከርነው ነው።»

ውጤቱ ገና አልመጣም። ቢገባም ባይገባም ያው ልጅ ነው፤ ቀኑ በማን ሰዓት እንደሚቀየር መጠየቁን አይተውም። እኔ ግን ያንን ቅጽ ደጋግሜ ሳየው ወደ ኋላ ወንበር እሄዳለሁ። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ «የለም» የተባለለትን ልጅ፣ ስልክ የሚደወልለት አጎት ነበረውና ተደረሰበት። ለእሷ የሚደውልላት አልነበረም። የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ በዚያ ቀን ወደ ቤቴ እየሮጥኩ ነበር።